ባለሙያው ግድግዳ ላይ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ፋርማሲስት ማየት ያማረው ሰው ወደ አንዱ መድኃኒት ቤት ይግባና ቀና ብሎ ግድግዳውን ይመልከት። እዚያ ነው ያለው። በመስተዋት ክፈፍ ውስጥ፣ በጉርድ ፎቶ፣ ከረባቱን አጥብቆ፣ የማኅተሙ ጫፍ አገጩ ላይ አርፎበት፣ በንግድ ፈቃዱና በቅዱስ ሚካኤል ሥዕል መካከል ሆኖ ቁልቁል ያየናል። ባንኮኒው ጋ የቆመችው ልጅ ሌላ ናት። ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ የት እንዳለ ብትጠይቋት "አሁን ወጣ" ትላለች። አሁን ከወጣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አትናገርም።

ሁሉም ቤት እንዲህ ነው ብል ኃጢአት ይሆንብኛል። ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ የሚውል፣ ወገቡን የሚያመው፣ ባለ ፎቶውም ባለ ጋዋኑም አንድ ሰው የሆነበት መድኃኒት ቤት አለ። የሌለበት ግን አለ ከሚባለው በላይ አለ።

ሕጉ ቀላል ነው። ፋርማሲ ያለ ፋርማሲስት አይከፈትም፤ ባለሙያውም በሥራ ሰዓት በቦታው መገኘት አለበት። ችግሩ፣ ብር ያለው ሰው ፋርማሲ አልተማረም፤ ፋርማሲ የተማረው ሰው ብር የለውም። ስለዚህ ይጋባሉ። ባለ ብሩ ቤት ይከራያል፣ መደርደሪያ ያሠራል፣ ዕቃ ያስገባል። ባለ ፈቃዱ ፈቃዱን ይዞ ይገባና በየወሩ ጥሎሹን ይቀበላል። ተቆጣጣሪ ይመጣል በተባለ ዕለት ሙሽራው ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ብቅ ይላል፤ መደርደሪያውን እንደማያውቀው እንግዳ ይዞራል፣ "ኢንሱሊኑን የት ነው የምታስቀምጡት?" ብሎ ልጅቷን በሹክሹክታ ይጠይቃል። ተቆጣጣሪው ሲሄድ እሱም ይሄዳል። በሰማንያ ከተጋቡት ብዙዎቹ ሲፋቱ ይኼኛው ጋብቻ ይጸናል።

እኔ የምታዘበው ግን ፈቃድ አከራዩን ብቻ አይደለም። አምስት ዓመት ያስተማርነውን ሰው ከባንኮኒው አንስተን ግድግዳ ላይ የሰቀልነው ተባብረን ነው። ቤተሰቡም፣ ሆስፒታሉም፣ አስመጪውም፣ በየወረፋው የቆምነው እኔና እናንተም እጃችን አለበት።

ነገሩ ከቤት ይጀምራል። ልጁ ጎበዝ ነው፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምርጫ ሲሞላ ሕክምናን አንደኛ፣ ፋርማሲን ሁለተኛ ይጽፋል። ሁለተኛው ይደርሰዋል። እናት ቡና ላይ "ልጅሽ ምን ደረሰው?" ስትባል ትንሽ ታስብና "የመድኃኒት ሐኪም" ትላለች። ጎረቤት ያደንቃል። ጥያቄው የሚመጣው ከአጎት ነው፤ አጎት ሁልጊዜ ነገር ማጣራት ይወዳል።

"ስትጨርስ ትወጋለህ?"

"መርፌ? አይ፣ አልወጋም።"

"ታያለህ? በሽተኛ ታያለህ?"

"ሐኪሙ ያየዋል፤ እኔ መድኃኒቱን..."

"ትሸጣለህ?"

"አይ፣ እንዴት እንደሚወሰድ፣ ከምን ጋር እንደማይሄድ፣ መጠኑ..."

"ትሸጣለህ ማለት ነው። ለመሸጥ አምስት ዓመት? መርካቶ ያሉት ስንት ዓመት ተማሩ?"

ልጁ ዝም ይላል። ወደፊት በሙያ ዘመኑ ሁሉ የሚጠየቀውን ጥያቄ ገና ሳይመዘገብ ሰምቶ ጨርሷል።

አምስት ዓመቱ እንዲሁ የመጣ ቁጥር አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ ለብዙ አስርት ዓመታትም አገሩ በአብዛኛው ያወቀው ይኸንኑ አንድ ቤት ነበር። ኋላ ጅማም፣ ጎንደርም፣ መቀሌም፣ ሌሎችም ተከተሉ። የመጀመሪያው ዲግሪ አራት ዓመት ይፈጅ ነበር። በ2000ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ላይ ሥርዓተ ትምህርቱ ተከልሶ አምስት ሆነ። የተጨመረውም ለጌጥ አይደለም። የቀድሞው ፋርማሲስት መድኃኒቱን ያውቅ ነበር፤ አዲሱ መድኃኒቱን የሚውጠውን ሰው ጭምር እንዲያውቅ ተፈለገ። ስለዚህ የመጨረሻውን ዓመት ሆስፒታል ውስጥ፣ ከአልጋ አልጋ እየዞረ እንዲያሳልፍ ተወሰነ።

ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ በፊዚዮሎጂ፣ በፋርማኮሎጂ ያልቃል። አንድ ክኒን ሆድ ውስጥ በስንት ደቂቃ መሟሟት እንዳለበት ይማራል። ጉድማንና ጊልማን የሚባለውን ወፍራም የፋርማኮሎጂ መጽሐፍ በቴሌግራም ተቀብሎ ስልኩ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ስልኩ ሲሞላ መጀመሪያ የሚያጠፋውም እሱኑ ነው። ፋርማኮግኖሲ በሚባለው ትምህርት ደግሞ ዕፀዋትን ያጠናል። አያቱ በየሁለት ወሩ ሲጠጡት የኖሩት ቆሶ "ሀጄንያ አቢሲኒካ" ሆኖ ይመጣበትና ሌሊቱን ሲሸመድደው ያድራል። እንዶድም ይመጣል፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ፣ እንዶዱ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል የደረሰበት ታሪክ። አክሊሉ ፈተና ላይ ይመጣል። ልብስ አጣቢዎቹ አይመጡም።

አምስተኛው ዓመት ይደርሳል። ነጭ ጋዋን፣ ደረት ኪስ ውስጥ ትንሽ ማስታወሻ፣ የጠዋት ዙር። ሰልፉ የታወቀ ነው፤ ከፊት ስፔሻሊስቱ፣ ቀጥሎ ሬዚደንቱ፣ ከዚያ ኢንተርኑ፣ ነርሷ፣ የሕክምና ተማሪዎቹ፤ ከሁሉም ኋላ፣ በሩን እንዲዘጋ የተተወ የሚመስለው የፋርማሲ ተማሪ። አንድ ቀን ካርድ ላይ ጉድ ያያል። በሽተኛው ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ታዞለታል፤ ለጨጓራው ደግሞ አንታሲድ በዚያው ሰዓት ይወስዳል። አንታሲዱ ውስጥ ያለው ማግኒዚየምና አሉሚኒየም ሲፕሮውን አንቀው ይይዙትና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። ይኼ ለፋርማሲ ተማሪ የዳዊት ያህል የታወቀ ነው። ልቡ ይመታል። አምስት ዓመት የጠበቃት ደቂቃ መጣች።

"ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር..."

ስፔሻሊስቱ ዞር ይላል። "አንተ ከየት ነህ?"

"ከፋርማሲ ነኝ።"

"ጎበዝ! ጥሩ ጊዜ መጣህ። ሴፍትሪያክሶን ገባ ወይስ የለም?"

እንዲህ ሆኖ ዙሩ ወደ ቀጣዩ አልጋ ያልፋል። አይፈረድበትም፤ ስፔሻሊስቱ ለዓመታት ስለ መድኃኒት የሚያሳስበው ይኸው አንድ ጥያቄ ነበር፤ አለ ወይስ የለም። መቼ ይወሰዳል የሚለው የቅንጦት ጥያቄ ሆኖበታል።

ምረቃው፣ የመውጫ ፈተናው፣ የብቃት ምዘናው ያልፋል። መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በየትምህርት ክፍሉ የመጣ ነው፤ የጤና ተማሪዎቹ ግን ከዚያ በፊትም በጤና ሚኒስቴር ይፈተኑ ነበርና "እኛ ለምደነዋል" ይላሉ። ከዚያ ጋዜጣው ይገለበጣል። ክፍት የሥራ ቦታ፦ ፋርማሲስት፣ የሥራ ልምድ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ። ፋርማሲስት፣ ልምድ አራት ዓመት። አንዱ ጥግ ላይ "ዜሮ ዓመት" የሚል ይገኛል፤ የማመልከቻው ቀን ትናንት አልፏል። ልምድ ካልቀጠሩት የት እንደሚያገኘው የሚያውቅ የለም። የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ መድኃኒት ቤት ሊከፍት ያሰበው ባለ ብር። "ልምዱ እኔን አይቸግረኝም፤ ፈቃዱን አምጣ" ይላል።

ዕድለኛው መንግሥት ሆስፒታል ይቀጠራል። እዚያ መስኮት ይጠብቀዋል። ይህን መስኮት ያየ ሁሉ ያውቀዋል። መስተዋት ነው፤ ከታች በኩል ግማሽ ክብ ተቆርጦለታል፤ ቀዳዳው የተሠራው ለእጅና ለወረቀት ነው። አፍ አይታሰብም። ታካሚው ለመናገር ጎንበስ ይላል፣ ባለሙያው ለመስማት ጎንበስ ይላል፤ ሁለቱም ለማይታይ ታቦት የሚሰግዱ ይመስላሉ። ትምህርት ቤት የተማረው "የታካሚ ምክር አገልግሎት፣ ምስጢር በሚጠበቅበት ቦታ" የሚል ነበር። እዚህ ምስጢር የሚጠበቀው በጩኸት ነው።

"ይኼን ቅባት ማታ ማታ ነው! ከታጠቡ በኋላ! እዚያው ቦታ ላይ ብቻ!"

ወረፋው በሙሉ ወደ ሰውዬው ይዞራል። የትኛው ቦታ እንደሆነ ሁሉም ለራሱ ይገምታል።

ከቀኑ ውስጥ አብዛኛው ግን ይህን ያህል ቃል እንኳ አይጠይቅም። "የለም" ይበቃል። "የለም፤ ከውጭ ይግዙ።" የውጭ ምንዛሬ ሲጠፋ ይኼ ቃል ይበረክታል። አምስት ዓመት ኬሚስትሪ ተምሮ ቀኑን ሙሉ "የለም" የሚል ሰው አስቡት፤ ይኼን ቃል የሁለት ዓመት ልጅም አሳምሮ ይለዋል። ሐቁን ላለመደበቅ፣ ነገሩን ለማቃናት የሞከሩ አልጠፉም። የመድኃኒት ገቢና ወጪን ለኦዲት ግልጽ የሚያደርገው አሠራር ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ነው ወደ ሌሎች የተዛመተው፤ በዚያ አሠራር መስኮቱና ወረፋውም እንዲታሰብበት ተደርጓል። አዲስ አበባ ላይም በከነማና በቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች በር ላይ ያለው ሰልፍ፣ ሕዝቡ ባለሙያም ደህና ዋጋም ያለበትን ቦታ ማሽተት እንደሚችል ይናገራል።

መስኮቱ ያንገፈገፈው ሬፕ ይሆናል። ሜዲካል ሬፕ፤ የመድኃኒት ኩባንያ አስተዋዋቂ። ሱፍ ይለብሳል፣ ጫማውን ያስወለውላል፣ ጥቁር ቦርሳ ይይዛል። ቦርሳው ውስጥ ናሙና፣ እስክሪብቶ፣ የጠረጴዛ ካላንደርና የኩባንያ ስም ያለበት የግድግዳ ሰዓት አለ። ሥራው የሐኪም በር ላይ መጠበቅ ነው። በሩ ሥር ከሌላ ሬፕ ጋር ይገናኛል፤ የክፍል ጓደኛው ነው፤ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ፣ አንድ ፈተና ላይ የተኮራረጁ። አንዱ የአንድ የሕንድ ኩባንያ፣ ሌላው የሌላ የሕንድ ኩባንያ ነው። ሁለቱም የያዙት ለደም ግፊት የሚሆነውን አምሎዲፒን ነው፤ ካርቶኑ ብቻ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ። ገብተው ለሐኪሙ ሰማያዊው ከአረንጓዴው እንደሚሻል፣ አረንጓዴው ከሰማያዊው እንደሚሻል ያስረዳሉ። ሐኪሙ ሁለቱንም እስክሪብቶ ይቀበላል። ይኼ ሥራ ከመስኮቱ የተሻለ ይከፍላል፤ ስለዚህ ከመድኃኒት ዕውቀታችን ውስጥ ጥሩው ክፍል ለሚያውቀው ሰው ይነገራል፣ የማያውቀው ታካሚ ደግሞ "ሦስቴ" ተብሎ ይሸኛል።

ከሬፕነት ቀጥሎ ያለው ደረጃ ተክለ ሃይማኖት ነው። አካባቢው የመድኃኒት አስመጪና አከፋፋይ ሰፈር ነው፤ እዚያ የደረሰ ፋርማሲስት ስለ ክኒን ማውራት ያቆምና ስለ ኮንቴይነር ማውራት ይጀምራል። ስለ ሞለኪውል ስትጠይቁት ስለ ባንክ ዋስትና ሰነዱ ኤልሲ ይመልስላችኋል። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ መደርደሪያው ባዶ ይሆን ነበርና አልቀልድባቸውም። ብቻ ወዳጄ ከሆነው አንዱ ጋር ምሳ በልተን፣ ማስታወሻ ይዤ ስለ ጨጓራዬ ስጠይቀው "ለዚህ ፋርማሲስት አማክር" ብሎኛል።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ፤ ወደ ገዢዎቹ። ባለሙያው ባንኮኒው ላይ በአካል ሲገኝ ምን እናደርገዋለን?

መጀመሪያ "ዶክተር" እንለዋለን። ፋርማሲስቱንም፣ በኮሌጅ የሠለጠነውን ድራጊስቱንም፣ ባለቤቱን ለመርዳት የመጣውን የወንድሙንም ልጅ ዶክተር ነው የምንለው። በሕጉ ፋርማሲ፣ መድኃኒት መደብርና የገጠር መድኃኒት ቤት የተለያየ ባለሙያ ይዘው ደረጃ በደረጃ ይሠራሉ፤ በእኛ ሕግ ነጭ የለበሰ ሁሉ አንድ ነው። ምናልባት ከጥንት የመጣብን ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መድኃኒት ቤቶች አንዱን እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ የከፈተው ጆርጅያዊው ሜራብ የሕክምና ዶክተር ነበር፤ ስለ አገራችንም በፈረንሳይኛ ብዙ ጽፏል። የዛሬው ባለ ባንኮኒ ማዕረጉን ከእሱ ወርሷል፤ ለመጻፍ ግን ፋታ የለውም፤ እኛ መጥተናላ።

"ዶክተር፣ ያቺ ቀይና ጥቁር አለች?"

"የምንድን ነች እናቴ?"

"የጉንፋን።"

"ጉንፋን በራሱ ጊዜ ይለቃል። እሷ ለጉንፋን አትሆንም፤ ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ ይቺ ደግሞ የባክቴሪያ..."

"አውቃታለሁ እኮ። ዐቢይ ጾም ላይ ታምሜ አራት ፍሬ ነው የወሰድኩ፤ አራተኛውን ሳልጨርስ ነው የተነሣሁ።"

ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ነው የለቀቀው፤ ምስጋናውን የወሰደችው ቀይና ጥቁሯ ናት። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ተሕዋስያን መድኃኒትን እንዴት እንደሚላመዱ የተማረው ሰው "ያለ ማዘዣ አልሰጥም" ካለ እናታችን ቦርሳቸውን ይዘጋሉ። "እዚያ ማዶ ያለው ዶክተር ይሰጠኛል" ይላሉ። ይሰጣቸዋል። አንድ ሆስፒታል ፊት ለፊት አራት መድኃኒት ቤት ከተደረደረ፣ ሦስቱ ሕግ ቢያከብሩ እንኳ ደንበኛው የሚያስታውሰው አራተኛውን ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፤ በማዘዣ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒትም አለ፤ ደግሞ አራት ፍሬ የሚለው የሕዝብ አዋጅ አለ።

ስለ ቲቲሲ ካላወራሁ ቅር ይለኛል። ይቺ ትንሽ ቲዩብ አንድ በመቶ ቴትራሳይክሊን የያዘች የዓይን ቅባት ናት። እኛ ዘንድ ለብጉር ናት። ለተላጨ ፂም ናት። ለተሰነጠቀ ከንፈር፣ ለቃጠሎ፣ አዲስ ጫማ ለላጠው ተረከዝ ናት። በየሴቶቹ ቦርሳ፣ በየታክሲ ሹፌሩ መሳቢያ ትገኛለች። ዓይኑ ላይ ሲያደርጋት ያየሁት ሰው ግን ትዝ አይለኝም፤ ዓይኑን ያመመው ሰው "የጡት ወተት ይደረግበት" ነው የሚባለው።

ምክር ሲሰጠንስ እንዴት እንሰማለን? በዕድሜ ጠና ያሉ አንድ አባት ለአሜባ ሜትሮኒዳዞል ታዞላቸዋል። ባለሙያው ጥሩ ባለሙያ ነው፤ "አባቴ፣ ይኼን እየወሰዱ መጠጥ አይጠጡም" ይላቸዋል። "እኔ መጠጥ የት አውቃለሁ!" ብለው ይቆጣሉ። በሩ ጋ ደርሰው ይመለሳሉ።

"ጠላ ይቆጠራል?"

"ይቆጠራል።"

"ጠጅስ?"

"ጠጅም ይቆጠራል። ከጨረሱም በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ይታገሡ፤ ያስታውክዎታል፣ ልብዎን ያስመታዎታል።"

አባት በጣታቸው ይቆጥራሉ። "እሑድ ሰንበቴ አለብን። ተረኛው እኔ ነኝ።" ትንሽ ያስቡና መፍትሔው ይመጣላቸዋል። "እንግዲያው ከሰንበቴው በኋላ እጀምረዋለሁ።" ክኒኑን ኪሳቸው ከተው ይሄዳሉ። አሜባው ይጠብቃል።

ጾም ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ክፍል ይገባው ነበር። "በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ" የሚለው መመሪያ የተጻፈው ቁርስ፣ ምሳና እራት ለሚበላ ሰው ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ እናት፣ በረመዳን ከሱሑር እስከ ኢፍጣር ውኃ የማይቀምሱ አባት ይኼን ዓረፍተ ነገር እንደ ሃይማኖታቸው ይተረጉሙታል። አንዷ ሦስቱንም ክኒን በአንድ ጊዜ ውጠው "ከምግብ በኋላ አይደል ያልከኝ? የበላሁት አንዴ ነው፤ ምን ላድርግ?" ብለዋል። ስሌቱ ላይ ስሕተት የለባቸውም። ስሕተቱ "ይጾማሉ ወይ?" ብሎ ያልጠየቀው ላይ ነው። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ በሚወሰድ ሌላ መድኃኒት መተካት የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ባለሙያው ሐኪሙ ጋ ደውሎ ያስለውጣል። ይኼ ነው የአምስተኛው ዓመት ትምህርት። ለዚህ ግን ሁለት ደቂቃ ያስፈልጋል፤ ከኋላ ያለው ወረፋ ደግሞ በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ "ወሬ ነው የያዛችሁት?" ይላል። ያ ሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። አንዳንዴ እኔ ነኝ፣ አንዳንዴ እናንተ።

እንዲህ የኖረ ባለሙያ ቢሰደድ የሚገርመው ማን ነው? አሜሪካ ሲደርስ ሌላ ትዝብት ይጠብቀዋል። በውጭ አገር የተማረ ፋርማሲስት እዚያ ለመሥራት መጀመሪያ ዲግሪው ይመዘናል፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2003 ጀምሮ የተመረቀ ከሆነ ትምህርቱ አምስት ዓመት መሆን አለበት። አራት ዓመት ተምረው ከዚያ ቀን በኋላ የተመረቁት ልጆቻችን ምን ያህል እንደተበሳጩ የሚያውቀው ያውቃል። አጎት "ለመሸጥ አምስት ዓመት?" ብሎ ሲገረም፣ ማዶ ያሉት "አራት ብቻ?" ብለው ይገረማሉ። የእኩልነት ፈተናም አለ፤ የእንግሊዝኛው ፈተና ቶፍልም አለ። ለብዙ ዓመታት በንግግር ከ30 26 ማምጣት ግዴታ ነበር፤ በማንበብ ከሚጠየቀው ይበልጥ ነበር። አገሩ ላይ በግማሽ ክብ ቀዳዳ "የለም" ሲል የኖረ ሰው በድንገት አንደበተ ርቱዕ እንዲሆን ተፈለገ። ቀጥሎ የሥራ ላይ ልምምድ ሰዓታት፣ ቀጥሎ ናፕሌክስ የሚባለው የፈቃድ ፈተና፣ ቀጥሎ የየስቴቱ የሕግ ፈተና። እስከዚያው ድረስ ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ቴክኒሽያን ሆኖ ክኒን በአምስት በአምስት እየቆጠረ ብልቃጥ ውስጥ ይከታል። የጨረሰው ግን ይጨርሳል፤ ባንኮኒው ኋላ ይቆማል፤ ደንበኛው በመጀመሪያ ስሙ ይጠራዋል፤ ምክሩን ግን ቆሞ ይሰማዋል። አብረውት የሚሠሩት የዛሬዎቹ የአሜሪካ ምሩቃን ዲግሪያቸው የዶክትሬት ነው፤ ዶክተር ብሎ የሚጠራቸው ደንበኛ እምብዛም ነው።

ፋርማሲስት የሆነ አንድ ዘመድ አለን። እሱ አልሄደም፤ አዲስ አበባ አንድ ባንኮኒ ላይ ዛሬም በአካል ቆሟል። አክስቱ እትዬ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቨርጂኒያ ያለችው ልጃቸው በሻንጣ ታይለኖል ትልካለች፤ ባለ 500 ሚሊግራሙን። እትዬ ከአሜሪካ የመጣውን ሁለት ፍሬ ይውጣሉ፤ ላዩ ላይ "የአገሩም ያግዘው" ብለው ሁለት ፓራሲታሞል ይጨምራሉ። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። ዘመዳችን ይኼን ሲሰማ ሊስት ደርሶ ነበር።

"እትዬ፣ ሁለቱ አንድ ናቸው! ስሙ ነው የተለየው። በቀን 12 ፍሬ፣ 6 ግራም እየወሰዱ ነው፤ ለጤነኛ አዋቂ ጣሪያው 4 ግራም ነው። ጉበትዎን ይጨርሰዋል!"

"አንተ ደግሞ! የአሜሪካኑና የእኛው እንዴት አንድ ይሆናል? እስቲ ተወኝ።"

አምስት ዓመት የተማረው፣ ምዘናውን ያለፈው፣ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ያለው ልጅ ለማሳመን የወረቀት ስሌት ሠራ፣ ሁለቱን ካርቶን ጎን ለጎን አድርጎ አነበበላቸው። አልሆነም። እትዬ ቨርጂኒያ ደወሉ። ልጃቸው "ነገ መድኃኒት ቤት እጠይቅልሻለሁ" አለች። ጠየቀች። እዚያ ባንኮኒው ኋላ የቆመው ፋርማሲስት ሐበሻ ነው፤ ጥያቄውን በአማርኛ ሰምቶ በአማርኛ መለሰላት፤ ስሙን ስትነግረን የዘመዳችን የክፍል ጓደኛ ሆኖ ተገኘ፤ ፈተና ይኮርጅ የነበረውም ከዘመዳችን ነው። መልሱም ያው ነው፦ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ አንዱን ይተዉ፣ ከ4 ግራም እንዳያልፍ፣ የጉልበታቸውንም ነገር ሐኪም ይየው።

እትዬ አመኑ። "አየህ፣ አሜሪካ ጠይቀን አረጋገጥን" አሉት። አሁን ታይለኖሉን ብቻ ነው የሚወስዱት። የአገሩን ፓራሲታሞል ለሠራተኛቸው ሰጧት፤ እሷንም ራሷን ያማታል።